አቶ ይቆይ እስቲ «እሺ» ያሉ ዕለት

ሥራ አለቀ ሲባል ከኋላ ጉሮሮውን ጠርጎ «ይቆይ እስቲ» የሚል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ፣ ያ መሥሪያ ቤት ገና አልተከፈተም ማለት ነው። እናንተም ጋ አይጠፋም። የሚናገረውም ሌላው ሰው ሁሉ ወንበሩን ገፍቶ፣ ኮቱን አንስቶ፣ አንድ እግሩን ከበሩ ካወጣ በኋላ ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ሰውን ባለበት ያደርቀዋል።

ስለ አንዱ ላጫውታችሁ። ክቡርነታቸው አቶ ይቆይ እስቲ ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ግን ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። የዝግመተ ለውጥ ዛፍ የሚሠራ ሶፍትዌር በሚያዘጋጅ ቡድን ውስጥ ነበሩ። ዛፍ ይባል እንጂ ቅጠልም ጥላም የለው፤ የትኛው እንስሳ ከየትኛው ጋር አንድ አያት እንዳለው፣ ማን ከማን መቼ እንደተለየ በቅርንጫፍ የሚያሳይ የዘር ሐረግ ነው። ቡድኑን የምትመራው እንስሳት ስታጠና ያደገች ዶክተር ናት። ኮዱን የሚጽፈው በጣቶቹ ፍጥነት «መብረቁ» የተባለ ጎልማሳ ነው። የአቶ ይቆይ እስቲ ሙያ ግን ይህ ነው ብሎ የሚናገር አልነበረም። እንስሳቱን እንደ ዶክተሯ አያውቁም፣ ኮዱንም እንደ መብረቁ አይጽፉም። በሁለቱ መካከል ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፣ በቃ።

ዶክተሯ «እነዚህ ሁለቱ ቅርብ ናቸው» ስትል፣ «ይቆይ እስቲ የኔ እህት፣ ቅርብ ስትይ በመልክ ነው በዘር?» መብረቁ «እዚህ ጋ ባዶ ነው» ሲል፣ «ይቆይ እስቲ ወንድሜ፣ ባዶ ስትል ዜሮ ነው ወይስ ጭራሽ አልተለካም?» ዶክተሯ ጣራውን ታያለች። መብረቁ ጠረጴዛውን በጣቶቹ ይደበድባል። ያ ሁሉ ሲሆን ሻዩ ይቀዘቅዛል።

አመሉ እቢሮ ቢቀር ጥሩ ነበር። በመብረቁ ልደት ቢላዋው ኬኩ ላይ ሊያርፍ ሲል «ይቆይ እስቲ፣ ስንት ነን?» ብለው የበሩን ጥበቃ ሳይቀር ሲቆጥሩ ሻማው ቀልጦ ክሬሙ ላይ ተኛ። ሊፍት ፊት ቆመው «ይቆይ እስቲ፣ ይሄ ወደ ላይ ነው ወደ ታች?» እያሉ ስንቱ ሊፍት ጥሏቸው ሄዷል። ያገቡ ዕለት መዝጋቢው «ፈቃደኛ ነህ ወይ?» ቢላቸው እንኳ መልሳቸው ያው ነበር ተብሎ ይታማል።

ባለቤታቸው አንድ ቀን ቢሮ ብቅ ሲሉ ሁሉም ተሰብስቦ ስሞታውን አወረደባቸው። ሴትዮዋ ሳቁ። «እናንተ ደግሞ! እሱ ይቆይ ካለ ሐሳብ አይግባችሁ። መፍራት እሺ ሲል ነው። እሺ የሚለው ተስፋ ቆርጦ ነገሩን ከልቡ ሲያወጣው ነው።» ሰው ሁሉ ሳቀ። ዶክተሯም አብራ ሳቀች።

የማሳያው ቀን ሲቃረብ ግን ሳቅ ከየት ይምጣ። የታላላቅ ቤተ ሙከራዎች ሰዎች መጥተው ፕሮግራሙን ሊያዩ ነው። ከወደዱት ይሠሩበታል፤ ካልወደዱት የቡድኑ ነገር አበቃለት። ዶክተሯ ጭንቅ ጥብብ ብሏት አቶ ይቆይ እስቲን ቢሮዋ ጠራቻቸው።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። ይሄ ነገር እስኪያልቅ ሥልጠና ክፍሉን ቢያግዙልን ብዬ ነበር። እዚህ ትንሽ መፍጠን አለብን።»

ለ«ይቆይ እስቲ» የምትመልሰውን አሰላስላ ይዛ ነበር። እሳቸው መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«እሺ» አሉ። ኩባያቸውን አንስተው ወጡ።

ዶክተሯ እፎይ አለች። አሁን ሲታወሳት «ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው» ትላለች። አንዴ፣ አንዴ ብቻ ይቆይ ቢሏት እኮ ትተወው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ሽምጥ ጋለበ። የሚያስቆም የለ፣ የሚጠይቅ የለ። አንድ ከሰዓት መብረቁ አንገቱን በዶክተሯ በር አስግጎ «ሥሩ ያልታወቀ ዛፍ ሲመጣ የቱን እንስሳ ሥሩ ጋ ላስቀምጠው?» አላት። ስልክ እያነጋገረች ነበር። «የመጀመሪያውን!» አለችው። እሷ የመጀመሪያ ያለችው ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ የተለየውን ነው። እሱ የሰማው በዝርዝሩ መጀመሪያ የተጻፈውን ነው። የመጀመሪያ ስትይ የትኛው የመጀመሪያ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሥልጠና ክፍል ተቀምጦ ነበር።

የማሳያው ቀን ደረሰ። እንስሳቱ በፊደል ተራ ገቡ፤ ላም፣ ውሻ፣ ዓሣ፣ ዶሮ፣ ጉማሬ። ላም በ«ላ» ቀድማ ተገኘችና ሥሩ ጋ ጉብ አለች። ዛፉ ስክሪኑ ላይ ሲዘረጋ ላም ብቻዋን በአንድ ወገን ቀርታለች። ጉማሬ ከዓሣና ከዶሮ ጋር ማዶ ተሰልፏል።

ከፊት የተቀመጡ ጡረተኛ ፕሮፌሰር እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ ጉማሬ የላም የሥጋ ዘመድ አልነበረም እንዴ? ከዓሣ ጋር መቼ ተዛመደ?»

መብረቁ ዞሮ ስክሪኑን አየ። «ሁለቱም… ውኃ ውስጥ ናቸው» አለ።

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሽማግሌው አልለቀቁም። «ላሚቱስ ምን አጥፍታ ነው ከቤተሰብ ያባረራችኋት?»

በዶክተሯ ሐሳብ የመጡት ኩባያቸውን ይዘው የወጡት ሰውዬ ነበሩ። እንግዶቹ «እናስብበታለን» ብለው ተሰናበቱ። እናስብበታለን ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ማንም ያውቃል።

ስህተቱን ማረም ለመብረቁ የሻይ ሰዓት ያህል እንኳ አልፈጀበትም። ሌላው ነገር ነው ያልታረመው። አሁን ስብሰባ ሲያልቅ ሰው ኮቱን አንስቶ በሩ ጋ ሲደርስ ሳያስበው ቆም ይላል። ጉሮሮውን የሚጠርግ የለም። እርስ በርስ ተያይተው ይወጣሉ።

ዶክተሯ አላስችል ብሏት ለአቶ ይቆይ እስቲ ደወለች። ስለ ላሚቱ ስትነግራቸው ከልባቸው ሳቁ። ያ ሳቅ እንዲህ ይናፍቀኛል ብላ አስባ አታውቅም።

«ጋሼ፣ በድያለሁ። ይመለሱልን። ሰኞ ይግቡ፤ ወንበርዎ እንዳለ ነው።»

ዶክተሯ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ በልቧ ተማጸነች። ይቆይ እስቲ ይበሉኝ፣ በሞቴ ይበሉኝ። ሰኞ ስትይ የትኛው ሰኞ ይበሉኝ። ወንበር ስትይ የቱ ወንበር ይበሉኝ። ከፈለጉ እስኪመሽ ያቁሙኝ፤ ስልኩን የዘጋሁ እንደሆነ እኔ ሰው አይደለሁም።

«እሺ፣ የኔ እህት» አሉ፣ በትሕትና። «እሺ።»