የአስራ አንድ አክሲዮን ባለቤት

አንድን ኩባንያ ከመሥራቹም፣ ከሥራ አስኪያጁም፣ ከሒሳብ ሹሙም አብልጦ የሚወደው ሰው አስራ አንድ አክሲዮን ያለው ሰው ነው። ይህን የምለው ጥናት አድርጌ ሳይሆን ጎረቤት ስላለኝ ነው። መቶ ሺህ አክሲዮን ያለው ባለጸጋ ስለ ኩባንያው ሲጠይቁት «ልጆቹ ያውቃሉ» ብሎ ወሬ ይቀይራል። አስራ አንድ ያለው ግን ወሬ አይቀይርም። እንዲህ ያለ ሰው ከየትኛውም ሰፈር አይጠፋም፤ እናንተ ሰፈር ከሌለ ምናልባት እናንተው ራሳችሁ ሳትሆኑ አትቀሩም።

የእኛው ክቡር ሊቀመንበር ይባላሉ። ማንም አልሾማቸውም። ሠላሳ ዓመት በአውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ከተሰጣቸው ገንዘብ ጥቂቱን ቆንጥረው የአንድ የኦንላይን ክፍያ ኩባንያ አስራ አንድ አክሲዮን ገዙ። ሰው በስልኩ ገንዘብ የሚልክበትና የሚገበያይበት አፕ ያለው ኩባንያ ነው። በማግስቱ «ኩባንያዬ» ማለት ጀመሩ። አፑ ሲፈጥን «ኩባንያዬ ዛሬ ደስ ብሎታል» ይላሉ፤ ሲንቀራፈፍ ደግሞ ልጃቸውን ትኩሳት የያዘው ይመስል ፊታቸው ይጠቁራል።

እሳቸው ዳቦ ሊገዙ ሲገቡ ከኋላቸው መሰለፍ ዕዳ ነው። ኪሳቸው በጥሬ ገንዘብ ተወጥሮ፣ እሳቸው ግን ስልካቸውን ይዘረጋሉ።

«አባባ፣ ሲስተም የለም» ትላለች ሻጯ።

«እንዴት ሲስተም የለም? ሲስተሙ እኔ ነኝ!»

«እባክዎ አባባ፣ ከኪስዎ አውጥተው ይስጧትና እንሂድበት» ይላል ከኋላ የተሰለፈው ሕዝብ።

«ኪሴ ውስጥ ያለው ተራ ገንዘብ ነው» ይላሉ ክቡርነታቸው፣ ሳይዞሩ። አንድ ቀን ሃያ አምስት ደቂቃ አስቁመውናል። በመጨረሻ ክፍያው ሲያልፍ አጨበጨቡ። አብሯቸው ያጨበጨበም ነበር፤ ያ ሰው እኔ ነኝ ብዬ አላምንም።

እኔም ባለአክሲዮን የሆንኩት በእሳቸው ነው። ደረጃ ላይ አስቁመውኝ፣ ድሮ «ትኬት?» ይሉበት በነበረው ድምፅ «አክሲዮን አለህ?» አሉኝ። ያ ድምፅ ንጹሕ ሰውን ወንጀለኛ ያደርጋል። ቅጣት የምከፍል መስሎኝ ሃያ ገዛሁ። በዚሁ ዘዴ አስራ ሦስት ሰው አስገቡ፤ ከራሳቸው ጋር አስራ አራት ሆንን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው በስልክ ግሩፕ ከፈቱልን፣ ሊቀመንበርነቱንም ያለ ተቃዋሚ ወሰዱት።

ከዚያ የማለዳው ሥርዓት መጣ። «የደም ዝውውር» ይሉታል። በየቀኑ ልክ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የአንድ ዳቦ ዋጋ ለጥርስ ሐኪሙ ይልካሉ፤ ሐኪሙ ለእኔ፣ እኔ ለልብስ ሰፊዋ፣ እሷ ለሚቀጥለው እያልን ያችው ገንዘብ አስራ አራት እጅ ዞራ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ እሳቸው ዘንድ ትመለሳለች። በየመንገዱ የአገልግሎት ክፍያ እየተቆረጠባት ስለምትሄድ ከስታ ነው የምትደርሰው። «የተቆረጠውስ የት ሄደ?» ይላሉ ጣታቸውን አንስተው፤ «ወደ ኩባንያችን!»

«ጋሼ፣ ጥቅሙ ምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ያልተንቀሳቀሰ ነገር ይረጋል። ደም ሲረጋ ምን እንደሚሆን ዶክተሩን ጠይቀው።»

«እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ» አለ ሐኪሙ።

ያዘገየ ሰው ወዮለት። ገላዬን ስታጠብ ስልኬ ይጮኻል፤ ሳሙና በሳሙና ሆኜ ሳነሳው «ደሙ አንተ ጋ ቆሟል!» ይሉኛል። እየረገምኩም ቢሆን እልካለሁ።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነበር፤ ቁም ነገሩ የመጣው ከግዢ ጥያቄው ጋር ነው። አንድ ትልቅ ድርጅት ኩባንያችንን ለመጠቅለል ፈልጎ፣ ለትንንሾቹ ባለአክሲዮኖች ከገዛንበት ሁለት እጥፍ እከፍላለሁ ብሎ አስታወቀ። የሚሸጥ እስከ አርብ ስድስት ሰዓት ድረስ ይፈርም፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል። ግሩፑ እንደተነካ የንብ ቀፎ ተነሳ። አንዱ ይሸጥ ሲል ሌላው ሞኝ ይለዋል፤ ሞኝ የተባለው ይወጣል፤ ሊቀመንበሩ መልሰው ያስገቡታል።

ለሁላችንም የትርፍና የኪሳራ ጉዳይ ነበር። ለልብስ ሰፊዋ ግን የመኖር ጉዳይ ነበር። አስራ አንድ ዓመት የተከራየችውን መስፊያ ቤት ባለቤቱ ሊሸጠው ነው። ቅድሚያውን ለእሷ ሰጥቷታል፤ አክሲዮን እንዳላት ስለነገረችውም እስከ አርብ ስድስት ሰዓት ታግሷታል። ቀብዱን ካላገኘች ቤቱ ለሌላ ገዢ ይሄዳል፣ እሷም ሁለት የስፌት መኪናዎቿን ተሸክማ መንገድ ላይ ነች። ከእኛ ሁሉ ብዙ አክሲዮን ያላት እሷ ናት፤ ስልሳ። ከእኛ ሁሉ ትንሽ የምትናገረውም እሷው ናት። ለቀብዱ ስልሳውም ያስፈልጋል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እዚያው መስፊያ ቤት ተሰበሰብን። ጠባብ ናት፤ አንድ የካውያ ጠረጴዛ፣ ጭንቅላት የሌላት የልብስ ማሳያ፣ ወለሉ ላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ። ግማሾቻችን ተቀመጥን፣ ግማሾቻችን የሰው ቀሚስ እንዳንነካ ትንፋሻችንን ሰብስበን ቆምን። ሊቀመንበሩ ካውያው አጠገብ ቆመው፣ የኩባንያውን አዲስ ሪፖርት አትመው፣ በቀይ አስምረውበት መጥተዋል።

«አንሸጥም!» ብለው ጀመሩ። «ለምን? አንድ በሉ! የሚገዛን ሰው ሞኝ ነው? አይደለም። ታዲያ እሱ ሞኝ ካልሆነ የሚሸጥለት ማን ነው?»

«ጋሼ፣ ይነቀል» አለ የጥርስ ሐኪሙ። የእሱ ምክር ምንጊዜም ይኸው ነው። «ሁለት እጥፍ በእጅ ነው። የቀረው ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።»

«ዶክተር፣ እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል!»

«እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ልጅቷ ከዚህ ቤት ትወጣለች እኮ!»

ሁላችንም ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞርን። የአንድ ሱሪ እግር እያሳጠረች ነበር፤ መርፌዋን አላቆመችም። ሊቀመንበሩ ድምፃቸውን አለዘቡ።

«ልጄ፣ እኔ ክፉሽን የምመኝ ይመስልሻል? ይሄውልሽ ሪፖርቱ። የእኛ ሰፈር! በስሙ ጠቅሰውታል! የግብይቱ ብዛት በአንድ ዓመት ስምንት እጥፍ አድጓል። ስምንት! በዓመቱ ስልሳው አክሲዮንሽ ይህን ቤት ብቻ ሳይሆን ፎቁንም ይገዛልሻል።»

እውነቱን ልናገር፣ ስምንት እጥፍ የሚለውን ስሰማ የእኔም ልብ ዘለለች። ኪሴ ውስጥ የሽያጭ ፎርም ነበረኝ፤ ማንም ሳያየኝ ወደ ታች ገፋሁት። ከመካከላችን አንዱ አበድሩኝና ልጨምር ማለት ጀመረ። ሐኪሙ እንኳ ጺሙን ማሻሸት ያዘ። ልብስ ሰፊዋም መርፌዋን አስቀምጣ «እንግዲህ ጋሼ ካሉ...» አለች፤ አንጀቴን በላችው። የሚያስፈራት ኪሳራው አልነበረም። እሳቸውን ማሳዘኑ ነበር የሚያስፈራት።

«እስቲ ወረቀቱን ልየው» አለች ቀጥላ። እሷ የሰውን ወገብ በዓይኗ ለክታ የማትሳሳት ሴት ናት። ቀይ የተሰመረበትን ትታ ከሥሩ ያለውን አነበበች። «ከፍተኛው እንቅስቃሴ ከጠዋቱ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት ይላል።»

«እንዴታ! ማለዳ የሚነሳ ትጉህ ሕዝብ ነዋ!»

«በዚያ ሰዓት ግን ከዳቦ ቤቱ በቀር ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ማነው የሚገበያየው?»

ሐኪሙ ጣቱን ማጠፍ ጀመረ። «ስምንት እጥፍ... አሁን በቀን አስራ ስድስት ቢሆን፣ በፊት ሁለት ነበረ ማለት ነው። አስራ አራት ጨምሯል።»

«ጋሼ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ቀስ ብላ፤ «ይሄ እኛ ነን እኮ።»

አንድ ዓመት ሙሉ ያችን የዳቦ ዋጋ ስናዞራት ከርመን፣ ኩባንያው ቆጥሮ ሪፖርት አድርጎ፣ ሪፖርቱ ደግሞ እኛኑ አስደስቶን ቁጭ። የገዛ ጥላችንን አይተን ሰው መጣልን ብለን ነበር።

«የድሮዎቹስ ሁለቱ እነማን ነበሩ?» አለ ሐኪሙ፤ ጥርስ የሚነቅል ሰው ምሕረት የለውም።

ክቡር ሊቀመንበር መነጽራቸውን አወለቁ። «አንዱ እኔ ነኝ። የጠዋት ዳቦ።»

«ሁለተኛውስ?»

«ባለቤቴ ናት። የማታ ዳቦ።»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ከዚያ ግን ሁላችንም ሆዳችንን ይዘን፣ የልብስ ማሳያዋን ተደግፈን ሳቅን። እሳቸው ብቻ አልሳቁም። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ እሷ ሄዱ።

«ሽጪ» አሏት።

«ጋሼ...»

«ሽጪ ብዬሻለሁ! ነገ በጠዋት ወረፋውን እኔ እይዝልሻለሁ። አንቺ የያዝሽውን ሥራ ጨርሰሽ ነይ።» ድምፃቸው ግን ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ያን ጊዜ መሳቄ ቆጨኝ።

አርብ እኔም ሄድኩ። የኩባንያው አዳራሽ በሻጭ ታጭቋል። ሊቀመንበሩ ከረባት አስረው፣ ካባቸውን ደርበው ከበሩ መከፈት በፊት ጀምሮ ቆመዋል፤ በወረፋው መሃል የማይሸጥ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። የሚቀድማቸውን ሁሉ በዚያ በድሮ ድምፃቸው «ወረፋ!» እያሉ ወደ ኋላ ይመልሳሉ። ልብስ ሰፊዋ ክር እንደተጣበቀባት እየሮጠች ደረሰች። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ፈረመች፤ ገንዘቡ በዚያው አፕ ስልኳ ላይ ገባ። አሁን የቀራት ለቤቱ ባለቤት መላክ ብቻ ነው።

ላከች። ስክሪኑ ላይ ያች ክብ መሽከርከር ጀመረች።

ተሽከረከረች። ተሽከረከረች። «ሲስተም ሄዷል» አለ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆነ። ልጅቷ እንደገና ልትጫን ጣቷን አነሳች።

«እንዳትነኪው!» ብለው ሊቀመንበሩ እጇን ያዙ። «ሁለቴ የነካ ሁለቴ ይከፍላል። እኔ አውቀዋለሁ። ስጪኝ።» አልጮኹም። ስልኩን ጽዋ እንደያዘ ሰው በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ሰሜኑ መስኮት ሄዱ፣ ከፍ አደረጉት፣ ትንሽ አዘነበሉት፣ ጠበቁ። «አይዞሽ፣ አልጠፋም፤ እያሰበ ነው» አሏት። በዚያች ደቂቃ የዚያን ኩባንያ ጠባይ የሚያውቅ ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእሳቸው በቀር አልነበረም። ሥራ አስኪያጁም ቢጠራ ከእሳቸው የተሻለ አያደርግም ነበር። እኔ ክቧን ሳይሆን የእሳቸውን ከንፈር እመለከት ነበር፤ በሹክሹክታ ይለምናል።

ለስድስት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ስልኩ ጠራ። የቤቱ ባለቤት ነበር።

«ገባ» አላት። «ቤቱ ያንቺ ነው።»

«አለፈ!» ብለው ክቡር ሊቀመንበር አዳራሹን አናጉት። «አለፈ! ኩባንያዬ አሳለፈው!» ዘበኛውን አቀፉት፣ ሠራተኛውን በመስኮቱ ቀዳዳ ጨበጡት፣ ለማያውቁት ሕዝብ የቤት ባለቤት ሆናለች እያሉ ልጅቷን አሳዩ። ከእሷ ይልቅ እሳቸው ነበሩ የሚያለቅሱት። ከእጃቸው ትልቋን ባለአክሲዮን የወሰደባቸው ገንዘብ በሰላም ስለደረሰ ብቻ እንዲህ የሚደሰት ሰው እኔ አላየሁም።

ትንሽ ሲረጋጉ ልብስ ሰፊዋ እጃቸውን ይዛ «ጋሼ፣ እርስዎስ? ገና አምስት ደቂቃ አለ። ለምን አይሸጡም?» አለቻቸው።

ያሾፈችባቸው ይመስል አዩዋት።

«ሁላችንም ከሸጥን ማን ይጨነቅለታል?»

እኔ ብልህ ሰው ነኝ፤ የማስተዳድረው ቤተሰብም አለኝ። ፎርሜን አውጥቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩና ሃያ የሚለውን ሰርዤ አስር ብዬ ጻፍኩ። ሠራተኛው «የቀረውን ለምን ያቆያሉ?» ሲለኝ ዞር ብዬ አየሁ፤ ሽማግሌው ከኋላዬ ከረባታቸውን እያስተካከሉ ነበር፣ ብቻቸውን ሲጨነቁ ለማየት አልቻልኩም።