የእኔ ዱዓና የከሚሴ ባጃጅ

ከሚሴ ውስጥ ባጃጅ ከእኔ ሂሳብ አይቀበልም ነበር። ታድለህ ትለኝ ይሆናል። ቆይ፣ አትቸኩል።

ግራ እግሬን በልጅነቴ ልምሻ መትቶታል፤ የምሄደው በሁለት ክራንች ነው። ሥራዬ መምህርነት ነው፣ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ደመወዝ አለኝ። ታዲያ ከባጃጅ ስወርድ እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ሹፌሩ «ተወው ሰይዶ፣ ዱዓ አድርግልኝ» ይለኛል። በእኛ አገር እንደ እኔ ያለ ሰው ዱዓው ሳይውል ሳያድር ይደርሳል ይባላል። እሺ፣ አደርግለታለሁ። ችግሩ በማግስቱ ነው። ያው ሹፌር ከሩቅ ያየኛል። ይሄ ሰው አይከፍልም፣ ክራንቹ የአንድ ሰው ቦታ ይይዛል፣ ዱዓውን እንደሆነ ትናንት ወስጃለሁ ብሎ ያስባል መሰለኝ፣ አንገቱን ወደ ማዶ አዙሮ ይፈተለካል። እኔ በዚያ በከሚሴ ፀሐይ አስፋልት ዳር ተገትሬ እቀራለሁ። ነፃ መሄድ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ዱዓ ይጠላል እንዳትለኝ ደግሞ። አስተግፊሩላህ! የሚያበግነኝ ሌላ ነገር የሚፈልግብኝ ሰው መጥፋቱ ነው። ለጂዳ ቪዛ ዱዓ አድርጌያለሁ። ጨፋ ሜዳ ላይ ለጠፋች ላም ዱዓ አድርጌያለሁ። ባቲ ገበያ ሸሚዝ ልገዛ ሄጄ፣ የማላውቀው ሰውዬ ግመሉ ገዢ እንዲያገኝለት እጄን አስነሥቶኛል። ሁለት እጅ ወደ ላይ ሲነሣ ክራንቹን ማን እንደሚይዘው የሚያስብ የለም። ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ከፈተና በፊት ዱዓ ያስደርጉኛል። ፈተናውን የማወጣው እኔ፣ የማርመው እኔ! ሲወድቁ ደግሞ «የቲቸር ዱዓ ዘንድሮ ደክሟል» ብለው ያሙኛል።

አንድ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት ተደወለልኝ። ስለ አካል ጉዳተኞች ተካታችነት ስብሰባ አለ፣ እንዳትቀር ተባልኩ። ክራቫቴን አስሬ ሄድኩ። አዳራሹ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ቀጥ ያለ፣ መደገፊያ የሚባል ነገር ያልዞረበት። አስተባባሪው ወርዶ ሲያየኝ በጣም አዘነልኝ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «መምህር፣ እርስዎማ አይንገላቱ። እዚሁ ከጥበቃው ጋር ይቀመጡና ስብሰባው እንዲቃናልን ዱዓ ያድርጉልን።» ተቀመጥኩ። ከላይ ስለ እኔ ሲጨበጨብ ይሰማኛል። ለስላሳው ግን ደረጃውን ወርዶ ደርሶኛል፣ አልዋሽም።

ዱዓ ጠይቃኝ የማታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። ዘይነብ ትባላለች፤ ትምህርት ቤታችን አጠገብ የጽሕፈት መሣሪያ ትሸጣለች። መጀመሪያ ቀን ከእሷ እስክሪብቶ ገዛሁ። ገንዘቤን ተቀበለች። መልስ አሳንሳ ሰጠችኝ። ስጠይቃት ሞገተችኝ፣ ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻ «ክራንችህን ከበሩ ላይ አንሣ፣ ደንበኛ ይግባበት!» ብላ ጮኸችብኝ። እዚያው ወደድኳት። በከሚሴ እንደ ሰው የተጣላችኝ እሷ ናታ! ከብዙ እስክሪብቶ በኋላ እሷም ወደደችኝ። ፈላጊ ሲመጣባት እምቢ እያለች እኔን መጠበቅ ጀመረች። የቀሩት አባቷ ናቸው።

አባቷ ሐጂ ይማም እህል ነጋዴ ናቸው፤ የዱዓዬ ዋና ደንበኛም እሳቸው ናቸው። እህል የጫነ መኪናቸው ገደል አፋፍ ላይ ደርሶ የተረፈው በሰይዶ ዱዓ ነው እያሉ ለአላፊ አግዳሚው ያወራሉ። ወላሂ፣ እኔ በሰዓቱ ተኝቼ ነበር።

አጎቴ ሽማግሌ ሊልክልኝ ሲዘጋጅ ሐጂ ራሳቸው ሐሙስ ከሰዓት ለወዳጃ ጠሩኝ። ወዳጃ እኛ ዘንድ ሰው ጫት ይዞ ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበት ነው። ነገሩን ሰምተው ሊያዩኝ ነው ብዬ ልቤ ዘለለች። ኮቴን አስተኮስኩ። ስደርስ ከሁሉ በላይ፣ ከጓዳው መጋረጃ አጠገብ አስቀመጡኝ። ለምለም ለምለሙን ጫት መርጠው ሰጡኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰይዶ፣ ያንተ ዱዓ መሬት ጠብ አይልም። ይቺ ልጄ ዘይነብ የመጣውን ሁሉ እምቢ እያለች አስቸገረችኝ። ረቢ ደህና ባል እንዲሰጣት አደራህን ዱዓ አድርግላት።»

አየህልኝ? ያላገባች ልጅ አለች፤ ሚስት የሚፈልግ ደመወዝተኛ ፊታቸው ቁጭ ብሏል። ሐጂ ግን ክራንቹን ብቻ ነው የሚያዩት። በዚያ ቤት ወንድ ተብዬ ብቆጠር ኖሮ ልጅቱ ካለችበት ጓዳ አጠገብ ያስቀምጡኝ ነበር? አንጀቴ አረረ። እጄን አነሣሁ፤ ሁሉም አነሡ።

«ያ ረቢ፣ የተማረ፣ ሥራ ያለው ስጣት።»

«አሚን!»

«ከአባቷ ነጥሎ ወደ ጂዳ የማይወስዳት፣ እዚሁ ከሚሴ የሚኖር ስጣት።»

«አሚን! አሚን!» የሐጂ ዓይን እንባ አቀረረ።

«እግሬ አውጪኝ ብሎ ጥሏት የማይሮጥ ስጣት።»

«አሚን!» ከመጋረጃው ጀርባ የታፈነ ሳቅ አመለጠ።

«ያ ረቢ፣ ሩቅ አታድርገው። እዚሁ ቤት፣ እዚሁ ፍራሽ ላይ ክራንቹን አስቀምጦ ከሚለምንህ ስጣት።»

«አሚ…»

ግማሹ አፋቸው ውስጥ ቀረ። ሰው ሁሉ እጁን እንደዘረጋ ወደ እኔ ዞረ።

«ሰይዶ፣» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው፣ «አንተ እኮ የአላህ ሰው ነህ። ሚስት ምን ያደርግልሃል?»

«ለእርስዎ ያደረገችልዎትን፣ ሐጂ» አልኩ። ፈርቼም፣ ተናድጄም ነበር።

ያን ጊዜ ዘይነብ ከመጋረጃው ጀርባ ተናገረች። «አባ፣ አሚን ብለዋል እኮ። መኪናዎን ያተረፈው ዱዓ ለእኔ ሲሆን ነው መሬት የሚወድቀው?»

ሐጂ ተያዙ። አይሠራም ቢሉ ከተማው ሊስቅባቸው ነው፤ ይሠራል ቢሉ ልጃቸው ልትሄድ ነው። ጫታቸውን ወደ ጎን አደረጉ።

«ሽማግሌ ላክ» አሉ በመጨረሻ።

ኒካህ ታሰረ፣ አልሃምዱሊላህ። ከተማው ግን ተቀየመኝ። ሰይዶ ዱዓውን ለራሱ ጨረሰው፣ ከእንግዲህ ባዶ ነው ተባለ። የመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ እንደገና ሲጠራ ከታች ሆኜ እንድጸልይ እንኳ የጠየቀኝ የለም። ደረጃው እዚያው አለ።

ከሠርጉ በኋላ አንድ ቀን አስፋልት ዳር ቆሜ ሳለሁ አንድ ባጃጅ መጣ። ቆመ! ስወርድ ሂሳብ ዘረጋሁለት፤ ያለምንም ይሉኝታ ተቀበለኝ። እንዲያውም «ለክራንቹም ጨምር፣ የአንድ ሰው ቦታ ይዟል» አለኝ። ተጨቃጨቅን። ተሰዳደብን። ሰው ከበበን። ከደስታዬ ብዛት በስድቡ መሃል ሳላስበው «አላህ ይባርክህ!» አልኩት።

«ያንተን ዱዓ ተወው፣ እሱ ድሮ ቀርቷል» አለኝ እጁን እንደዘረጋ። «የክራንቹን ሂሳብ!»