የብረት ክንዱ ሞግዚት

በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ዕቃ ጠባቂ ያልገጠመው ሰው የለም። የመሥሪያ ቤቱ ፎቶኮፒ ማሽን የአባቱ ውርስ የሚመስለው፣ መቀስ ሲያውስ ልጁን ወደ ሩቅ አገር የሚሸኝ የሚመስል ሰው። የእኔውን የሚያህል ግን አላየሁም። የእኔው የሚጠብቀው ሮቦት ነው።

ክቡርነታቸው የአንድ ማሠልጠኛ ቴክኒሺያን ናቸው። እኛ ሠልጣኞች “ሞግዚቱ” እንላቸዋለን። ሮቦቱ ጠረጴዛ ላይ የተተከለ የብረት ክንድ ነው። እኛ በየቤታችን ተቀምጠን፣ በካሜራ እያየን፣ በኢንተርኔት እናዘዋለን። ሞግዚቱ ከጎኑ ወንበር ስበው መዳፋቸውን ከቀዩ የማቆሚያ ቁልፍ ላይ ሳያነሱ ይውላሉ። ሻይ የሚጠጡት በግራ እጃቸው ነው።

ትእዛዝ ክንዱ ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። አዲስ ሠልጣኝ ይጫናል፤ ክንዱ ዝም። እንደገና ይጫናል። ሁለቱም ትእዛዞች ተከታትለው ይደርሱና ክንዱ ጠረጴዛውን ሊደቃው ይወርዳል። ያኔ ቀዩ ቁልፍ ይጫናል፤ ድምፅ ማጉያውም ይከፈታል።

“የሊፍት ቁልፍ መሰለህ? አንዴ ተጫን፣ እጅህን ሰብስብ።”

አንዲት ልብስ ሰፊ አብራን ትሠለጥን ነበር። “አባባ፣ እኔ እኮ ቀስ ብዬ ነው የነካሁት” አለቻቸው።

“እናቴ፣ እሱ ቀስ ማለትሽን አያይም። ሁለቴ መንካትሽን ነው የሚያየው።”

እኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። የምሠራበት ፋብሪካ ሮቦት ሊያስገባ ስለነበር የአሠልጣኞቹን ፈተና ያላለፈ ይሰናበታል ተባለ። ፈተናው ስድስት ብረት በስድስት ቀዳዳ መክተት ነው። ቀዩ ቁልፍ ከተጫነ ወድቀሃል፤ ድጋሚው ከስድስት ወር በኋላ። ፋብሪካው ደግሞ የሚጠብቀኝ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነበር።

አራቱን ከተትኩ። አምስተኛው ላይ ተጫንኩና ምስሉ ቀጥ አለ። ባለቤቴ ከኋላዬ “ምነው ቆመ?” አለች። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩና ደገምኩት።

ቀዩ ቁልፍ ተጫነ።

ፈታኟ ከሌላ ከተማ ሆና ትከታተል ነበር። “ጋሼ፣ ምን ሆነ?” አለች ሞግዚቱን።

“ሠልጣኙ ሁለቴ ተጫነ።”

ሰውየው ውሸት አይችሉበትም። ለዛሬ ብቻ ቢችሉበት ምን ነበረበት አልኩ በሆዴ።

“እንግዲህ ወድቋል።”

“አልወደቀም። ምስሉ አሥራ ሦስት ሰከንድ ቆሟል፤ እዚህ ስክሪኑ ላይ አይቼ በሰዓቴ ይዤዋለሁ። ከአሥር ካለፈ ጥፋቱ የመስመሩ ነው ይላል ደንባችሁ፣ ገጽ ስምንት። ዛሬውኑ ይድገም።”

ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። “ልክ ነዎት” አለች።

“አውቃለሁ። እሱ ግን ያው ሁለቴ ተጭኗል፤ ይጻፍበት።”

ደገምኩ፤ አለፍኩ። ላመሰግናቸው አፌን ስከፍት፣ “አራተኛውን አጣመኸዋል” ብለው ድምፁን ዘጉት።

ይኸው ዓመት ሆነኝ። ፋብሪካው ውስጥ ክንዱ አጠገቤ ነው፤ ስጫነው ወዲያው ይታዘዛል፤ የሚቆጣኝም የለም። ማሠልጠኛው ለቀድሞ ሠልጣኞች ከሚፈቅደው የልምምድ ሰዓት በወር አንዱን እይዛለሁ። የምለማመደው ነገር የለኝም። ሁለቴ ተጭኜ ክንዱን ትንሽ ወደ ግራ አዞርና የድርሻዬን ቁጣ ተቀብዬ እወጣለሁ።