የሰሜን ጠባቂው አቶ ሶሬሳ

በየሰፈሩ ተሳስቶ የማያውቅ አንድ ሰው አለ። መብራት ለምን እንደጠፋ፣ ዝናቡ ስንት ሰዓት እንደሚያባራ፣ የማን ልጅ ምን ቢማር እንደሚሻለው ሳይጠየቅ ይናገራል። ሌላው ሰፈር እንዲህ ያለውን ሰው ባዶ እጁን ነው የሚያገኘው። አቃቂ በሰቃ ግን ኮምፓስ የያዘ ደርሶታል፤ ክቡር የሰሜን ጠባቂ፣ ጡረተኛው ቀያሽ አቶ ሶሬሳ።

ኮምፓሷ የነሐስ ናት፤ የሻይ ሳህን ታክላለች። ፊትና ኋላዋ ላይ ሁለት የማነጣጠሪያ ክንፎች ቆመዋል። ፊቷ ላይ የሠሪዋ ስም ተቀርጿል፤ ከመወልወል ብዛት ግማሹ ጠፍቷል። አቶ ሶሬሳ ስለዚህ ሠሪ ሲያወሩ አብሯቸው ያደገ ሰው ይመስላል።

«የሚሠራበት ቤት ሚስማር አይገባም ነበር» ይላሉ። «የኮቱ ቁልፍ እንኳ የአጥንት ነበር። ብረት መርፌዋን ያሳስታታላ!»

ይህን ማን እንደነገራቸው የጠየቀ የለም።

ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየችው ወጣቷ መምህርት ሃዊ፣ በገባች በማግስቱ አልጋዋ ከምሥራቅ ሰባት ዲግሪ መሳቱ ተነገራት። የቃሊቲን መንገድ የጠየቀ የባጃጅ ሹፌር «ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ሸርተት ብለህ» ተባለ። «አባባ፣ በታክሲ ተራው በኩል ነው ወይስ በታች?» ቢል፣ «እሱን ታክሲዎቹን ጠይቅ» አሉት። አንድ ቀን ሃዊ የስልኳን ኮምፓስ ብታሳያቸው ስልኩን ገለባበጡት።

«የሠራው ሰው ስም የታለ?»

«የለውም ጋሼ።»

«እሱ ስሙን ለመጻፍ ያፈረበትን እኔ ልመነው?»

ልኬት ሲጀምሩ አዋጅ ይታወጃል፦ «ብረት ያለው ይራቅ!» ሰዓት፣ ቁልፍ፣ አምባር ይወልቃል። የመለኪያውን ክር የምትይዝላቸው ሃዊም የፀጉሯን ሽቦ ትነቅላለች። ከዚያ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያጎነብሱና የታወቀችውን ቃላቸውን ይናገራሉ፦ «መርፌ አትዋሽም።»

ከጎረቤታቸው ከላጢፋ የሚያዋስናቸው የቅንጭብ አጥር የተተከለውም ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እሳቸው ባሰመሩት መስመር ነው። ላጢፋ ልብስ ሰፊ ናት። ዘንድሮ አጥሩን ተጠግቶ የሚቆም የስፌት ክፍል ልትሠራ ተነሳች፤ ግንበኛው ቢለካው ቢለካው ሁለተኛው የስፌት መኪና አልገባ አለ። «እንግዲህ የእናቴን መኪና እሸጠዋለሁ» አለች። አቶ ሶሬሳን የጠራቻቸው፣ መሠረቱ አጥሩን አልፎ እሳቸውን እንዳይነካ መስመር እንዲያሳዩዋት ብቻ ነበር።

ያን ቀን ግንበኛው ድንጋዩን የከመረው ድሮ ቆመው በለኩበት ማዕዘን ላይ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወዲያኛው ጫፍ ሆነው ወደ ኋላ አነጣጠሩ። አዩ። ቀና አሉ። እንደገና አዩ።

«ሃዊ፣ ሽቦሽን!»

«ነቅያለሁ ጋሼ።»

«ቁልፍሽን!»

«ቤት ነው ያለው።»

«እንግዲያው ራቂ!»

ራቀች። ቁጥሩ ግን አልተለወጠም፤ ከድሮው ልኬት በአራት ዲግሪ እንደተለየ ነው። ሁለቱ ጫፎች ካልተስማሙ ከአንደኛው ዘንድ ብረት አለ ማለት ነው፤ ይህን ለሃዊ ስንት ጊዜ አስተምረዋታል። ኮምፓሷን በመዳፋቸው ይዘው አጥሩን ተከትለው ሄዱ፤ እሷም ከኋላቸው። የድንጋዩን ክምር ዞረው ማዕዘኑ ጋ ሲደርሱ መርፌዋ ስሟ እንደተጠራ ሰው ፊቷን አዞረች።

ያኔም ዛሬም ማዕዘኑ ላይ የቆመው የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ነው። አቃቂ ውስጥ ሐዲድ የአጥር ቋሚ ነው፣ የበር መቃን ነው፣ የልብስ ማስጫ ነው፤ ብረት መሆኑ ትዝ የሚለው ሰው የለም። የሰሜን ጠባቂው የሰውን የፀጉር ሽቦ እያባረሩ፣ ጀርባቸውን ለሐዲድ ሰጥተው ነበር የለኩት።

ሃዊ ሳቋ መጣ፤ ፊታቸውን ስታይ ተመለሰ። ዝም ቢሉ ማንም እንደማያውቅባቸው ገባት። እሷም አትናገርም።

አቶ ሶሬሳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«ያኔ ከወዲያም ልይ ብዬ ነበር» አሉ። «የላጢፋ አባት ሙሀመድሁሴን፣ አላህ ይማረውና፣ ‹ሶሬሳ፣ አንተ አንዴ ካየኸው ምን ቀረ? ይልቅ ምሳ ቀርቧል› አለኝ። አምኖኝ እኮ ነው።» የኮምፓሷን ክንፎች በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። «ሠሪዋ ሁለት ያደረጋቸው ዞረሽ እንድታዪ ነው። ሰው እንደሚሳሳት ያውቅ ነበር ማለት ነው።»

ከዚያ ግንበኛውም መንገደኛውም በሚሰማው ድምፅ ተጣሩ።

«ላጢፋ!»

«አቤት ጋሼ!» ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ወጣች።

«አጥሩ ተሳስቷል።» ኮምፓሷን ዝቅ አደረጉ። «አጥሩ አይደለም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። በወዲያኛው ጫፍ ሁለት እርምጃ ያህል ያንቺ ነው። የእናትሽን መኪና እንዳትሸጪ።»

ላጢፋ እሳቸውን አየች፤ በዚያው ጫፍ የተከሉትን ሎሚ አየች።

«ሎሚውስ ጋሼ?»

«ሲያምረኝ በርሽን አንኳኩቼ እጠይቃለሁ።»

«በሬ በየት በኩል እንደሆነ ያውቁታል?» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

«ምዕራብ፣ ሦስት ዲግሪ ወደ ሰሜን» አሉ ሳያስቡት። ግንበኛው አካፋውን ጥሎ ሳቀ።

ሐዲዱ ተነቅሎ መንገድ ዳር ተጣለ፤ ድንጋዩም ተነሳ። አቶ ሶሬሳ ኮምፓሷን ተከሉ።

«ብረት ያለው ይራቅ» አሉ፤ የዛሬው አዋጅ ልመና ይመስል ነበር።

ሃዊ ክሩን ይዛ ከወዲያኛው ጫፍ ቆማለች። ከዚያ ርቀት የእሷ ሽቦ መርፌዋን እንደማይነካት ከእሳቸው ተምራለች። ቢሆንም መልሳ የሰካችውን ሽቦ ነቀለች፤ ፀጉሯ ዓይኗ ላይ ወደቀ።

«ነቅያለሁ ጋሼ!» ብላ ጮኸች።