ዶክተርዬ እና የተረፈው ክኒን

በየግቢው ሕክምና ያልተማረ አንድ ሐኪም አለ። ካላመናችሁ በራችሁን ከፍታችሁ አንዴ ብቻ ሳሉ፤ ሁለተኛው ሳል ሳይወጣችሁ መድኃኒት ይዞ ከተፍ ይላል።

የዚህኛው ግቢ ሐኪም ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ «ዶክተርዬ» ይላታል፤ እሷም አንድ ቀን «ኧረ እኔ ዶክተር አይደለሁም» ብላ አታውቅም። የሕክምና መሣሪያዎቿ የስፌት መቀስና ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ናቸው። በመቀሱ የጎረቤቱን ሁሉ የክኒን ማሸጊያ ትቆርጣለች፤ በቆርቆሮው ታጠራቅማለች። «ከተሻለሽ ተዪው፤ የቀረው ለክፉ ቀን ይቀመጥ» ነው ትእዛዟ። ካንዱ ጥርስ የተረፈው ለሌላው ጆሮ፣ ከጆሮ የተረፈው ለጉሮሮ ይታዘዛል። ያልዳነ ሰው ተመልሶ ሲመጣ እንኳ ክብርት ሐኪማችን አትደነግጥም። «የአንተ ሰውነት ነው መድኃኒት የማይወደው» ብላ ታሰናብተዋለች።

ያሳደገቻት የወንድሟ ልጅ ይህን ሁሉ ለዓመታት በሆዷ እየሳቀች አሳልፋዋለች። ሳቋ ያለቀው ተራው የእሷ ሲሆን ነው።

ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ሲክል ሴል የሚባል የደም በሽታ አለባት። ቀይ የደም ሕዋሶቿ እንደ ማጭድ ይቆለመሙና ቀጫጭን የደም ሥሮቿን ይወትፋሉ። ሐኪሞቿ ደጋግመው የነገሯት ነገር ቢኖር ትኩሳትና የደረት ሕመም አብረው ከመጡ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል እንድትሮጥ ነው።

አብረው መጡ። ጫማዋን ስታደርግ ዶክተርዬ ቆርቆሮዋን እያንቀጫቀጨች በሩ ላይ ተገተረች።

«ወረፋ ላይ ልትሞቺ ነው የምትሄጂው? ብርድ ነው እኮ፣ የኔ እናት። ይቺን ዋጪና ተኚ።»

መከራከር ትንፋሽ ይፈልጋል፤ ትንፋሽ ደግሞ አጥሯታል። ዋጠች። በማግስቱ ትኩሳቱ በረድ ሲል ዶክተርዬ በግቢው እየዞረች ድሏን አወጀች። ገና አውጃ ሳትጨርስ የልጅቷ ከንፈር አመድ መሰለ።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ ተደረገላት። ራጅ ሲነሳ የግራ ሳንባዋ ታችኛው ክፍል ነጭ ሆኖ ታየ። የተረኛዋ ሐኪም አስረዳች፦ ሳንባውን የያዘው የተዘጋ የደም ሥር ይሁን ኢንፌክሽን፣ ወይም ሁለቱም፣ ለይቶ እስኪታወቅ መጠበቅ አይቻልም፤ አንቲባዮቲኩ አሁኑኑ ይጀመራል፤ ካልተሻላትም ደም ይሰጣታል።

ልጅቷን ከሕመሙ ይልቅ ንዴቱ አንገበገባት። እንዴት አንድ ሰው በማያውቀው ነገር ይህን ያህል እርግጠኛ ይሆናል? እንዴት ሰው በሌላው ሳንባ ላይ መቀስ ይዞ ይፈርዳል? የምትለው ነገር ሞልቶ ነበር፤ ግን በየቃሉ መሃል መተንፈስ ስላለባት ስድቡ ሁሉ ዓይኗ ላይ ቀረ። ዶክተርዬ ደግሞ አልጋው ጫፍ ላይ ተደላድላ የኦክስጅኑ ቱቦ እንዴት መታሰር እንዳለበት ለነርሷ ታስተምራለች።

ሐኪሟ፣ ልጅቷ ሆስፒታል ሳትመጣ በፊት የወሰደችው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀች።

«አለ እንጂ!» አለች ዶክተርዬ፤ ቆርቆሮውንም ከቦርሳዋ መዥረጥ አደረገችው። ይዛው መጥታለች! ክዳኑ ሲከፈት ቀይና ጥቁሩ፣ ቢጫውና ነጩ ተደባልቆ ታየ፤ ስማቸው የተጻፈበት ማሸጊያ በመቀስ ተቆርጦ በየቤቱ ቀርቷል።

«የትኛውን ነው የሰጧት፣ እማማ? የምጀምርላትን ለመምረጥ ይረዳኛል።»

ልጅቷ የሚሆነውን ታውቀዋለች። አክስቷ አንዱን ታነሳለች፤ ስምም ትሰጠዋለች፤ ሐኪሟም ታምናታለች። ልትጮህ ሞከረች፤ የወጣው ሳል ነበር።

ዶክተርዬ አንዱን አነሳችና መለሰችው። ሌላ አነሳች። ወደ አልጋው ዞር ስትል የልጅቷን ከንፈር አየች፤ ጣቷም ቆርቆሮው ውስጥ ደርቆ ቀረ።

«አላውቅም» አለች።

ልጅቷ ይህን ቃል ከዚያ አፍ ሰምታው አታውቅም። ሐኪሟ ራሷን ነቅንቃ ብዙ ዓይነት ጀርም የሚገድለውን አንቲባዮቲክ በደም ሥር አዘዘች። ዶክተርዬ ነርሷን አልመከረችም። የልጅቷን እግር ያዘች፤ እስኪነጋም አልለቀቀችውም።

ሳንባው ዳነ፤ ዶክተርዬ ግን አልተፈወሰችም። አሁን ግቢውን የምታስጨንቀው በተቃራኒው ነው። «ጨረስክ? ማሸጊያውን አሳየኝ!» እያለች ከቤት ቤት ስትዞር ጥርሱን የታመመው ጎረቤት በጓሮ ይሾልካል። እርግጠኝነቷ እንደ ድሮው ነው፤ ድምፅዋም እንደዚያው።

ልጅቷ ከሆስፒታል ይዛው የመጣችው ካፕሱል ሊያልቅ ሲል ምሬቱ ሰልችቷት አንዱን ኩባያው ሥር ሸሸገችው።

«ተሽሎኛል እኮ፣ አክስትዬ።»

«አውቃለሁ። ዋጪ። አፍሽን ክፈቺ።»

ዋጠች። ዶክተርዬ የስፌት መነጽሯን አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ ምላሷን ከላይም ከሥርም መረመረች። ልጅቷም ከሚያስፈልገው በላይ አፏን ከፍታ ቆየችላት።