የባልቻ ተሳዳቢ

ጨዋታ ባለበት ከተማ ሁሉ ከተጫዋቹ ይልቅ የሚያልበው አንድ ተመልካች አይጠፋም። ራኬት ጨብጦ አያውቅም፣ አያያዝ ግን ያርማል። ሕጉን አያውቅም፣ ዳኛ ግን ይገስጻል። ወልቂጤ ሁለት አሏት ይባላል። እምድብር አንድ ነበራት፤ ትዳር ያዘና ተረጋጋ። ቡታጅራ ግን ሸምሶ አላት፣ ሸምሶ ያለው ከተማ ደግሞ ሌላ መከራ አያስፈልገውም።

ሸምሶ የበርበሬ ነጋዴ ነው። ከመስቃን ገበሬዎች ሲረከብ፣ ዛላውን ሲያስለቅምና ሲያስጭን ሳምንቱን ይገፋና ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ፣ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር፣ ቴኒስ ሊያይ ወደ ወጣቶች ማዕከል አዳራሽ ይመጣል። ቴኒስ ስንል የጠረጴዛውን ነው፤ ሌላው ቴኒስ እኛ ዘንድ በቴሌቪዥን ውስጥ ብቻ ነው የሚኖረው። ሸምሶ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። መምጣቱ የሚታወቀው ግራና ቀኙ ያሉ ሰዎች ማስነጠስ ሲጀምሩ ነው። ልማደኛ ተመልካች ያለ መሐረብ እዚያ ረድፍ ላይ አይቀመጥም።

የሚመጣው ባልቻን ሊያይ ነው። ባልቻ ልብስ ሰፊ ነው፤ አርባ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፣ መነጽሩን ከኋላ በሱሪ ላስቲክ አስሮ ይጫወታል። ድሮ ከተማውን ወክሎ ያልሄደበት ውድድር አልነበረም። ዋንጫዎቹ ዛሬ ከስፌት መኪናው በላይ ተደርድረው የክርና የቁልፍ ማስቀመጫ ሆነዋል። እጁ አሁንም ያው ነው፣ ጉልበቱ ግን ፔዳል ሲረግጥ ውሎ ሲያድር አልቋል። በግራ በኩል የምትመጣ ኳስ ከሆነች በዓይኑ ይሸኛታል።

ታዲያ ባልቻ ሰርቭ ሊመታ ኳሷን መዳፉ ላይ ሲያስቀምጥ፣ ሦስተኛው ረድፍ ሥራውን ይጀምራል።

«እስቲ እዩት። ራኬት ነው የያዝከው ወይስ ዝንብ ነው የምታባርረው?»

ባልቻ ነጥብ ሲያገባ፣ «ኳሷ ራሷ አዝናለት ነው» ይላል። ባልቻ አዳራሹን ከመቀመጫው የሚያስነሳ ስማሽ ሲመታ ደግሞ ሸምሶ ራሱን በሁለት እጁ ይይዝና፣ «አበላሸው፣ ጭራሽ አበላሸው» እያለ ይንቆራጠጣል። ባልቻ ጉልበቱን ታሞ የተኛ ጊዜ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው ሄዶ፣ በሽተኛውን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ «ድሮም እግር አልነበረህም» አለውና ብርቱካኑን ልጦ አበላው።

አንድ ጊዜ ከአረቅጥ ለዘመድ ጥየቃ የመጣ ሰው አጠገቡ ተቀመጠ። የዋህ ሰው ነው። ባልቻ ሦስት ነጥብ በተከታታይ ሲያገባ፣ «በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም» አለ።

ሸምሶ ዞረበት። «እትፍ በልበት።»

«ምን አልከኝ?»

«እጁ ላይ እትፍ በልበት። ከዚሁ ሆነህ።»

ሰውዬው ግራ ገብቶት ሲያየው፣ ሸምሶ ራሱ በእሱ ፈንታ «እትፍ፣ እትፍ» አለ። ግማሹ ባልቻ ወዳለበት ሄደ፣ ግማሹ እንግዳው ኮት ላይ አረፈ። እንግዳው እረፍት ላይ ወጥቶ አልተመለሰም። አረቅጥ ውስጥ ቡታጅራዎች እንግዳ ላይ ይተፋሉ ተብሎ እስካሁን ይወራል።

ነገሩ የገባችሁ ይመስለናል። ሸምሶ ባልቻን የሚሰድበው ዓይን ፈርቶለት ነው። እናት ያማረ ሕፃኗን «ይኼ አስቀያሚ» እያለች እንደምታሳድገው ማለት ነው።

ይህም ያለ ምክንያት አልመጣም። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ባልቻ ገና ሃያ ሰባት ዓመቱ ሳለ፣ ሸምሶ በሞላ አዳራሽ መካከል ተነስቶ፣ «ይኼ እጅ አገር ያስጠራል፣ ምን አለ በሉኝ» ብሎ ነበር። በማግስቱ ባልቻ ከጋሪ ሲወርድ ወደቀና ያ እጅ ተሰበረ። ድኖ ራኬት እስኪጨብጥ ድረስ ለብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ሊመለምሉ የመጡት ሰዎች አይተው፣ መርጠው፣ ሄደው ነበር። ባልቻ ጋሪውን ከሰሰ፣ ባለ ጋሪው ፈረሱን ከሰሰ። ሸምሶ ግን እጁን የሰበረው አፌ ነው ብሎ አመነ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ባልቻ አንዲት ደግ ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም።

ሚስቱ መሕቡባ አንድ ቀን ልትመክረው ሞከረች። «ማሻአላህ ብለህ አመስግነውና ይውጣልህ። ለዚሁ አይደል የሚባለው?»

«ለሕፃን ይበቃል» አላት ሸምሶ። «ለአርባ ዘጠኝ ዓመት ጉልበት ግን ስድብ ይጨመርበታል።»

«እኔንስ አመስግነኸኝ የማታውቀው ለዚሁ ነው?»

«አንቺማ ጭራሽ አታምሪም» አለ፣ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል። መሕቡባ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች።

እንግዲህ ዘንድሮ ከወልቂጤ ጋር የሚደረገው ዓመታዊ ግጥሚያ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ባልቻ የሸምሶን ሱሪ ሊያሳጥር ተንበርክኮ እየለካ፣ መርፌውን ከአፉ አወጣና፣ «ይኼ የመጨረሻዬ ነው» አለ።

«ሱሪው?»

«ቴኒሱ። ከወልቂጤው ልጅ ጋር እጫወትና ራኬቴን እሰቅላለሁ።»

ሸምሶ ሊለው የፈለገው፣ አታቁም፣ አንተ ካቆምክ እኔ ቅዳሜን ምን ላደርጋት ነው የሚል ነበር። ይህ ግን ምስጋና ሆኖ ታየው። አፉ የለመደውን ተናገረ። «ማቆም የነበረብህ የዛሬ አሥር ዓመት ነው።»

ባልቻ ቀና ብሎ አየው። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አልሳቀም። «ልክ ነህ» አለና ወደ መርፌው ተመለሰ።

ሸምሶ ያን ቀን ሱሪው በመርፌ እንደተያዘ፣ አንዱ እግር ረጅም አንዱ አጭር ሆኖ ወደ ቤቱ ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ እህል አልበላ አለው። ሃያ ሁለት ዓመት የሰደበው ሰው ስድቡን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ምክር ተቀበለበት።

የግጥሚያው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የመሰናበቻው ጋቢ ታጥፎ፣ የምስክር ወረቀቱም በፍሬም ተደርጎ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ከወልቂጤ የመጣው ቴዲ የሃያ ዓመት ወጣት ነው፣ ሲሮጥ ጫማው ይጮኻል። ዳኛዋ ሩቲ ከአዲስ አበባ የተላከች ናት፤ ቡታጅራን አታውቅም፣ ደንቡን ግን በቃሏ ታውቀዋለች። አምስት ጌም ነው፣ እያንዳንዱ እስከ አሥራ አንድ ነጥብ፤ ቀድሞ ሦስት የወሰደ ያሸንፋል።

የመጀመሪያውን ባልቻ ወሰደ። ሸምሶ በበኩሉ ከዚያ በፊት ተሰምቶ የማይታወቅ ስድብ አወረደ። ሁለተኛው እንደተጀመረ ሩቲ እጇን አንስታ ጨዋታውን አቆመችና ወደ ሦስተኛው ረድፍ መጣች።

«አባቴ፣ ተጫዋች መስደብ በደንቡ ክልክል ነው። እባክዎ ይውጡልኝ።»

«የእኛኑ ልጅ እኮ ነው የምሰድበው» አለ ሸምሶ።

«የማንም ይሁን።»

ሸምሶ ወጣ። ወጣ እንጂ አልሄደም፤ ከውጭ፣ መስኮቱ ሥር ቆመ። ውስጥ ማስነጠሱ ቆመ። ዝም ያለውን ቦታ ተመልካቹ ሞላው፤ «ባልቻ አንበሳ» አለ አንዱ፣ «ባልቻ የማያረጀው» አለ ሌላው። ሸምሶ ምስጋና በሰማ ቁጥር ግድግዳው ላይ «እትፍ» ይላል። ቆሎ የምትሸጠው ከድጄ ውሃ በሃይላንድ ይዛ መጣች።

«ምን ነካህ ሸምሶ፣ መርዝ ቀመስክ እንዴ?»

«ምራቄ አለቀብኝ» አላት፣ ውሃውን ተቀብሎ። «እነዚህ ሰዎች ሊገድሉት ነው።»

እውነትም ባልቻ ሁለተኛውን ጌም ተሸነፈ፣ ሦስተኛውንም ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ራኬቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና መነጽሩን በካናቴራው እየጠረገ ወደ ዳኛዋ ሄደ።

«ያ የሚሰድበኝ ሰው የት ሄደ?»

«አስወጥቼልዎታለሁ» አለች ሩቲ፣ ምስጋና ስትጠብቅ።

«መልሺልኝ። የእኔ ሰው ነው።»

«እየሰደበዎት?»

«እጄ ከተሰበረ ጀምሮ ይሰድበኛል። ሰው አይቶ እንዳይበላኝ ነው። እሱ ዝም ካለ የሞትኩ ይመስለኛል።»

መስኮቱ ሥር ሸምሶ የያዘው ውሃ ፈሰሰበት። እስከዚያች ቀን ባልቻ ማወቁን አያውቅም ነበር። ዓይኑን በእጁ አሸው፤ በርበሬ የነካ እጅ ነውና የባሰውን አለቀሰ።

ሩቲ ደንቡን በሆዷ ገልብጣ ገልብጣ ስትጨርስ፣ ተጫዋቹ ካልከፋው እኔ ምን አገባኝ አለችና አስጠራችው። ሸምሶ ዓይኑ ቀልቶ ገብቶ ቦታው ተቀመጠ። አጠገቡ ያለው ሰው አስነጠሰ። አዳራሹ አጨበጨበ።

«አንተ ሽማግሌ» አለ ሸምሶ ድምፁን ጠርጎ፣ «እኔ ስወጣ እንቅልፍ ወሰደህ?»

ባልቻ ሳቀ፣ አራተኛውንም ጌም ወሰደ። በአምስተኛው ዘጠኝ ለዘጠኝ ሲደርሱ ግን ቴዲ ሁለት ኳስ ተከታትሎ በግራ በኩል ላከ። ሁለቱንም ባልቻ በዓይኑ ሸኛቸው። ወልቂጤ አሸነፈች።

ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፣ ቴዲ ራሱም ጭምር። የማዕከሉ ኃላፊ ወልደማርያም ጋቢውን ባልቻ ትከሻ ላይ ደረቡና ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ቀጥለውም፣ «አሁን ደግሞ የረጅም ጊዜ ተመልካቻችን ሸምሶ፣ ዛሬ እንኳ አንድ ደህና ቃል ይናገራል» ብለው ማይኩን ሰጡት።

ሸምሶ ማይኩን ይዞ ቆመ። የሃያ ሁለት ዓመት ምስጋና ጉሮሮው ላይ ደርሷል። እንዳንተ ያለ አላየሁም ሊለው ይችላል፤ እውነት ነው፣ ሰው ሁሉ የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው። ነገር ግን ያለ ስጋት የሚመሰገነው ከእንግዲህ የማይጫወት ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ካለው ደግሞ አበቃ ማለት ነው። ባልቻን አየው። ባልቻ ጋቢውን ለብሶ፣ ልቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው አንገቱን ሰብሮ፣ የሚወርድበትን ምስጋና ይጠብቃል።

«ባልቻ» አለ ሸምሶ። «ጋቢው አላማረብህም፣ አውልቀው።»

ወልደማርያም ማይኩን ሊቀበሉት እጃቸውን ዘረጉ፤ ሸምሶ አልሰጣቸውም።

«በግራ የምትመጣ ኳስ እንዴት እንደምትመለስ እስካሁን አታውቅም። ስነግርህ ጠጉሬ ሸበተ። ሳትማር ወዴት ልትሄድ ነው?»

ባልቻ ቀና አለ። ጋቢውን ከትከሻው አወረደው።

«ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው?» አለ።

«ስምንት ሰዓት። አርፍደህ ስትመጣ እንዳላይህ።»

ባልቻ መጥቶ አቀፈውና ሦስት ጊዜ አስነጠሰ። ወልደማርያም በፍሬም ያለውን የስንብት ወረቀት ምን እንደሚያደርጉት ጨንቋቸው በብብታቸው ሸጎጡት። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ባልቻ የመነጽሩን ላስቲክ አስሮ ነበር፤ የሸምሶም ሱሪ በመጨረሻ ተሰፍቶ ሁለቱም እግሩ እኩል ሆኗል።

እኛም እንግዲህ ከመጀመሪያው አንስቶ ሸምሶን መከራ ስንል፣ ሕግ አያውቅም፣ እንግዳ ላይ ይተፋል እያልን ስሙን ስናጠፋ፣ በዚህ ዕድሜው አንቱ ማለት እንኳ ስንነፍገው የቆየነው፣ ለከተማችን ያለን እሱ አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። ምናልባት ሳናስበው አንድ ደግ ቃል አምልጦን ከሆነ፣ አንባቢ ሆይ፣ ካሉበት ሆነው እትፍ ይበሉበት።