ጉናን ገና ያደረገው ቀለም

ዩኑስ፦ ዳይ የሚባል ቀለም እኔ ሱቅ አይገባም። አለቀ።

(ይሻው ከበርጩማው ብድግ ይልና በብብቱ የያዘውን ጥቅል አስተካክሎ ወደ በሩ ይራመዳል።)

ዩኑስ፦ ወዴት ነው ደግሞ?

ይሻው፦ ዳይ ስትል እንሂድ ያልህ መስሎኝ።

ዩኑስ፦ ቁጭ በል። ዳይ የቀለም ስም ነው።

ይሻው፦ (ተመልሶ እየተቀመጠ) የሚቸኩል ቀለም ነው ማለት ነው?

(ይህ የሆነው ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ በሚገኘው የረሂማ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ነው። ዩኑስና ይሻው ካናቴራ ላይ ጽሑፍ የሚያትሙበት የራሳቸው ሱቅ ያላቸው ሸሪኮች ናቸው። ዩኑስ ባሕር ዳር ሄዶ ሥልጠና ወስዷል፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲናገር እስከ መጨረሻው ሰምቶ አያውቅም። ይሻው የገሳይ ገበሬ ልጅ ነው። ቀስ ብሎ ያስባል፣ ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ዩኑስም ይህን ቀስታ ድንቁርና ነው ብሎ ከፈረደ ቆይቷል። ዛሬ የመጡት ፕሪንተር ሊመርጡ ነው። ባለፈው ጉና ለሚባለው የገሳይ ኳስ ቡድን ደጋፊዎች ያተሙት ካናቴራ ጉድ ሠርቷቸዋል። «ጉና ያሸንፋል» መባል ነበረበት። ዩኑስ ጽሑፉ መጀመሪያ የሚታተምበትን ስስ ፕላስቲክ፣ ፊልሙን፣ ወደሚያውቀው ቢሮ ወስዶ ራሱ በመረጠው ፕሪንተር አሳተመው፤ የ«ጉ» ትንሿ ጭራ ሳትወጣ ቀረች፤ ደጋፊውም ሁሉ ደረቱ ላይ «ገና ያሸንፋል» የሚል ለብሶ ሜዳ ገባ። ቡድኑ ያን ዕለት ተሸነፈ። እሑድ የመልስ ጨዋታ አለ፣ ደጋፊዎቹም በስንት ልመና አንድ ዕድል ሰጥተዋቸዋል። ይህም ከተበላሸ ከገሳይ እስከ ሐሙሲት ሥራ የሚሰጣቸው ሰው አይገኝም።)

ዩኑስ፦ ረሂማ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህን ሰው ያመጣሁት ዕቃ እንዲሸከም ነው እንጂ እንዲናገር አልነበረም።

ረሂማ፦ (የሱቁ ባለቤት ናት፤ ለዩኑስ የአክስቱ ልጅ) ይናገር፣ ምን ቸገረኝ። እንግዲህ ያለኝ ሁለት ዓይነት ነው። ይህኛው የቢሮ ነው፤ ጥቁሩ ፒግመንት ነው። ያኛው የፎቶ ነው፤ ቀለሙ ሁሉ ዳይ ነው።

ይሻው፦ ፒግ አልሽ?

ዩኑስ፦ ፒግመንት።

ይሻው፦ ተማሪ ቤት እያለን ፒግ አሳማ ነው ብለውን ነበር።

ዩኑስ፦ ያ ረቢ።

ይሻው፦ እኔስ አልበላውም እንጂ ብነካው ታጥቤ እተወዋለሁ። አንተ ግን ሰላት የሚሰግድ ሰው ሆነህ ጠዋት ማታ እጅህን እዚያ ውስጥ ነክረህ...

ዩኑስ፦ አሳማ የለበትም። ስማ፤ ፒግመንት ማለት እንደ ጥላሸት የላመ ዱቄት ነው። ዳይ ደግሞ እንደ ስኳር ውሃ ውስጥ ሟሙቶ የሚጠፋ ነው። አሁን ገባህ?

ይሻው፦ ስኳሩ ይሻላላ።

ዩኑስ፦ ሻይ አይደለም የምንገዛው።

ይሻው፦ አይ፣ እኔን ያልገባኝ ሌላ ነው። ጥቁር ጥቁር ነው። ከጥቁርና ከጥቁር ምን ያማርጣል?

(ዩኑስ ወደ ረሂማ ዞሮ «ይህን ነው ተሸክሜ የምኖረው» በሚል ዐይን ያያታል። ከዚያ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሲያስተምር ደስ ይለዋል፤ በተለይ ተማሪው እንደማይገባው ሲያውቅ።)

ዩኑስ፦ ዐይንህ ጥቁር ያለው ሁሉ ለፀሐይ ጥቁር አይደለም። ጽሑፉን ፊልም ላይ እናትማለን። ፊልሙ እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል፣ ጥቁሩ ፊደል ግን ይከለክላል። ይህን ፊልም ቅባት የተቀባ ስክሪን ላይ፣ ማለትም ጨርቅ የተወጠረበት እንጨት ላይ ደፍተን ፀሐይ እናስመታዋለን። ፀሐይ ያገኘው ቅባት ጠጥሮ ይቀራል። ከፊደሉ ሥር ያለው ሳይጠጥር ይቆይና በውሃ ሲታጠብ ወልቆ ቀዳዳ ይሆናል። ጥቁሩ ደካማ ከሆነ ግን ፀሐይ ሰርጋ ትገባና ቀጫጭኑን ሁሉ ትደፍነዋለች። የጉና ጭራ የጠፋችው እንዲህ ነው።

ይሻው፦ ይህንንማ አውቃለሁ። ስክሪኑን የማጥበው እኔ አይደለሁም?

ዩኑስ፦ ማጠብማ ዝናብም ያጥባል።

ረሂማ፦ እሺ፣ የትኛውን ልስጣችሁ?

ዩኑስ፦ ይህ ያጠያይቃል? የቢሮውን ነዋ። ፒግመንት ውሃ አይፈታውም፣ ፀሐይ አያደበዝዘውም፣ መቶ ዓመት ይቆያል። ስልኬ ላይ የአንድ ፈረንጅ ቪዲዮ አይቻለሁ።

ይሻው፦ እኛ ፊልሙን የምንፈልገው ለአንድ ከሰዓት አይደል እንዴ? መቶ ዓመት ማን ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል?

ዩኑስ፦ ሰማሽው? አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ያሉት እንዲህ ያለውን አይተው ነው።

ረሂማ፦ ፈረንጁ ስለ ፊልም ነበር የሚያወራው?

ዩኑስ፦ ስለ ሰርግ ፎቶ ነው። ግን ቀለም ቀለም ነው።

ይሻው፦ ቅድም ጥቁር ጥቁር ነው ብል ተቆጣኸኝ።

ዩኑስ፦ እኔ ስለው ሌላ ነው።

ረሂማ፦ እንግዲያ ለምን እዚሁ አትሞክሩትም? ሁለቱም ተሰክተዋል፣ ጓሮዬም ፀሐይ ነው። ስክሪን ይዛችኋል?

ይሻው፦ (ጥቅሉን ከብብቱ አውጥቶ) ሁለት አሉ። ተቀብተው የደረቁ ናቸው፤ ብርሃን እንዳይነካቸው በጥቁር ፌስታል ጠቅልያቸዋለሁ። ፊልምም ቆርጬ ይዣለሁ።

ዩኑስ፦ ማን አምጣ አለህ?

ይሻው፦ አንተ።

ዩኑስ፦ አየሽ፣ እኔ ባላስብለት ባዶ እጁን ነበር የሚመጣው። በይ እንግዲህ፣ አንቺ ምስክር ሁኚ። እኔ የቢሮውን መርጫለሁ። አንተስ?

(ይሻው ሁለቱን ፕሪንተሮች ያያል። ገበያ መካከል እንደ ቆሙ ወይፈኖች አንዱን በጎኑ፣ አንዱን በኋላው ዞሮ ይመለከታል። ከዚያ ወደ ዩኑስ ይዞራል።)

ይሻው፦ የቢሮውን ነው ያልህ?

ዩኑስ፦ የቢሮውን።

ይሻው፦ አስበህበታል?

ዩኑስ፦ እኔ ሳላስብ ተናግሬ አውቃለሁ?

ይሻው፦ ኋላ እንዳትለውጠው።

ዩኑስ፦ አልለውጥም አልሁህ።

ይሻው፦ እንግዲያ ለኔ የፎቶው ይሁንልኝ።

ዩኑስ፦ ምክንያትህ?

ይሻው፦ እንዲያው ነው።

ዩኑስ፦ እንዲያው። ረሂማ፣ ሰማሽ፤ እንዲያው ነው አለ። በል እንግዲህ ውል እንግባ፤ ዛሬ የተሳሳተው ሰው ሁለተኛ ለሱቁ ዕቃ አይመርጥም።

ይሻው፦ ይህስ ይቅርብን።

ዩኑስ፦ ፈራህ።

ይሻው፦ አልፈራሁም። አንተ መምረጥ ብትተው ሱቁ ይጎዳል ብዬ ነው።

(ዩኑስ ይህ ደስ ይለዋል፣ ደስታው ግን ንቀቱን አይቀንሰውም። ረሂማ ከሁለቱም ፕሪንተር «ጉና ያሸንፋል» ብላ ታትማለች፤ እንዳይምታቱም በየፊልሙ ጥግ አንዳንድ ፊደል ትጨምራለች። ዩኑስ ቪዲዮውን ሊያሳያት ስልኩን እየፈለገ ስለነበር ይህን አላየም። ቀና ሲል ሁለቱ ፊልሞች ጠረጴዛው ላይ ናቸው። የራሱን አንሥቶ በአውራ ጣቱ ያሸዋል። ጣቱ ይጠቁራል።)

ረሂማ፦ ለቀቀብህ እኮ።

ዩኑስ፦ (በሱሪው እየጠረገ) ሞልቶ የተረፈ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ይሉሻል ይህ ነው። የዚያኛውን እይው፣ ፊልሙ ጠጥቶት ድርቅ ብሏል።

(ይሻው ፊልሞቹንና ስክሪኖቹን ይዞ ወደ ጓሮ ይወጣል። ዩኑስ ወንበር ስቦ ይቀመጣል።)

ረሂማ፦ አብረኸው አትወጣም?

ዩኑስ፦ ፀሐይና ውሃ የሱ ሥራ ነው።

ረሂማ፦ አሁን እሱ ባይኖርህ ምን ትሆን ነበር?

ዩኑስ፦ አዲስ አበባ ነበርሁ። እኔን እዚህ ያስቀረኝ ለሱ ማዘኔ ነው። ዘመዶቹ ገብሱን ትቶ ከተማ ሲገባ አልቅሰዋል አሉ። ለገብሱ ይሁን ለከተማው አላውቅም።

ረሂማ፦ ክፉ ነህ።

ዩኑስ፦ እውነት ሲነገር ክፋት ይመስላል። አሁን ብታይው ስክሪኑን በጀርባው ይዞ ፀሐይዋን በየት በኩል ናት እያለ ይሆናል።

(ከጓሮ የውሃ ድምፅ ይሰማል። ቆይቶ ይሻው እጅጌውን ሰብስቦ፣ ውሃ የሚያንጠባጥቡ ሁለት ስክሪኖች ይዞ ይገባል። ዩኑስ ቃል ሳያስወጣው ይነጥቀውና አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ያነሣቸዋል። ባንደኛው ላይ ፊደሉ ሁሉ ጥርት ብሎ ተከፍቷል፤ የጉና ጭራ በቦታዋ አለች። በሌላኛው ላይ ጭራዋ የለችም፤ የ«ሸ»ም አናት ተቆራርጧል። ዩኑስ የዳነውን ስክሪን ደረቱ ላይ ያስደግፋል፤ ሸሚዙ መራሱ ትዝ አላለውም።)

ዩኑስ፦ ይኸው። ፊደል ማለት ይህ ነው። ደብተራ የጻፈው አይመስልም?

ይሻው፦ ዩኑስ፣ እሱ እኮ...

ዩኑስ፦ እየተናገርሁ ነው። (ሌላኛውን ከፍ አድርጎ) አሁን ደግሞ ይህን እዩልኝ። ገና። ዛሬም ገና። ይህን የመረጠ ሰው ምን ይባላል?

ረሂማ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ...

ዩኑስ፦ አንቺ ታፍሪያለሽ፣ እኔ ልንገርሽ። ይህን የመረጠ ሰው ዐይን አለው፣ አያይም። ጆሮ አለው፣ አይሰማም። ወይፈን ግዛ ብለሽ ገበያ ብትልኪው ቀንበር ተሸክሞ ይመለሳል፤ ለምን ብትይው ደግሞ ቀንበሩ ይሻላል ብሎ ይከራከርሻል። አለማወቁ አይደለም የሚያናድደኝ፤ ባለማወቁ መኩራቱ ነው።

ይሻው፦ እንዲህስ አትበለው። ሰው ነው፣ ይሳሳታል።

ዩኑስ፦ አትዘንለት።

ይሻው፦ ደግሞ ሸሪክ ነው።

ዩኑስ፦ ሸሪክ መሆኑ ነው የባሰው። እንዲህ ያለው ሰው ሸሪክህ ሲሆን መንደሩ አንተንም እንደሱ ነው የሚያይህ።

ይሻው፦ (በቀስታ) እሱስ እውነትህን ነው።

ረሂማ፦ ዩኑስ፣ ያቀፍኸው ስክሪን ጥግ ላይ ያለችውን ፊደል አንብባት።

ዩኑስ፦ (ጎንበስ ብሎ) «ይ» ናት።

ረሂማ፦ የይሻው «ይ» ናት። እንዳይምታታ እኔ ነኝ የጨመርኋት። የፎቶው ፕሪንተር ነው።

(ዩኑስ አንድ ጊዜ ወደ ስክሪኑ፣ አንድ ጊዜ ወደ እሷ ያያል።)

ዩኑስ፦ ለኔስ ምን ጻፍሽልኝ?

ረሂማ፦ «ዩ»።

ዩኑስ፦ (ሌላኛውን አገላብጦ፣ ድምፁ ትንሽ ከፍ ብሎ) እንግዲያው ይህ የኔ አይደለም። እዚህ ላይ «ዩ» የለም። «የ» ነው የሚለው። የ... የማን? የማንም አይደለም።

ረሂማ፦ «ዩ» ነበረች። ጭራዋን ፀሐይ በላቻት።

(ዩኑስ ስክሪኑን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ቅድም የዘረዘረው ሁሉ፣ ዐይኑም ጆሮውም ቀንበሩም፣ ዞሮ ዞሮ እርጥብ ሸሚዙ ላይ የተለጠፈበት መሰለው። የሚያመልጥበት በር በሐሳቡ ይፈልጋል።)

ዩኑስ፦ አንተ ስለ ቀለም ምን ታውቃለህ?

ይሻው፦ ምንም።

ዩኑስ፦ ቪዲዮ አይተህ ነው? ሰው ነግሮህ ነው?

ይሻው፦ ዳይ መባሉንም የሰማሁት ዛሬ ነው።

ዩኑስ፦ ታዲያ የፎቶውን በምን መረጥኸው?

(ይሻው እጅጌውን ወደ ታች ይመልሳል። ረሂማ የፎቶውን ፕሪንተር ካርቶን ከመደርደሪያው ታወርዳለች።)

ረሂማ፦ በቃ ተዉት፣ እሑድ ደረሰባችሁ። ይህን አሽግላችኋለሁ። ውሉ ደግሞ ውል ነው፣ ዩኑስ። በራስህ አፍ ፈርደሃል። ካሁን በኋላ የሱቁን ዕቃ የሚመርጠው ይሻው ነው።

ይሻው፦ ኧረ የለም፣ ረሂማ። እሱማ ይምረጥ። አስቀድሜም ይቅርብን ብያለሁ።

(ዩኑስ ቀና ይላል። የሸሚዙን ኮሌታ ያስተካክላል። ያ የታወቀ ንቀቱ ቀስ በቀስ ወደ ፊቱ ሲመለስ ይታያል።)

ዩኑስ፦ ይኸውልሽ። ምንም ቢሆን የማን ዕውቀት ሱቁን እንዳቆመው ያውቃል።

ይሻው፦ እሱ ካልመረጠማ እኔ በምን አውቃለሁ? የቱን እንደወደደ እጠይቀውና ሌላውን አይደል የምወስደው።